አኮ ዝም ያሉባቸው ወራት

ለ4 ወር ያህል የልጄ አያት በቋንቋቸው እንዳያናግሩት ከልክዬ ነበር። ክፋት አልነበረም። ባለሙያ መክሮኝ ነው፣ ለልጄ የሚጠቅም መስሎኝ ነው። ግን ያንን ጊዜ ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል። ስለዚህ ልጽፈው ነው። ድሬም ሆነ ሐረር፣ ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ውስጥ አፉን ያልፈታ ልጅ ይዛችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄዱ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። ባለቤቴ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይናገራል፣ ሶማልኛም አያቅተውም፣ እንደ ብዙ የድሬ ልጅ አንድ ወሬ በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። እናቱ አብረውን ይኖራሉ። «አኮ» ነው የምንላቸው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ይገበያዩበታል፣ ከጎረቤት ጋር ይግባቡበታል። ፍቅራቸውና ቁጣቸው ግን በኦሮምኛ ነው። እኔ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው። ስለዚህ ልጄ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከአኮ ጋር ነው።

የልጄን ስም አልጽፍም። ሲያድግ ይህን ታሪክ ማውራት አለማውራት የራሱ ጉዳይ ነው። እዚህ ማሙሽ እለዋለሁ። አሁን 5 ዓመት ከ3 ወሩ ነው።

ማሙሽ ሁሉ ነገር ነው የዘገየበት። ያለ ድጋፍ የተቀመጠው በ11 ወሩ ነው። የተራመደው በ22 ወሩ። የመጀመሪያ ልደቱ ላይ ዳቦ ቆርሰን፣ ጎረቤት ሰብስበን፣ ሁሉም ስሙን እየጠራ ሲያጨበጭብለት እሱ የሚያየው የማራገቢያውን መዞር ነበር። ስንጠራው አይዞርም። በጣቱ አያመለክትም። ውኃ ሲፈልግ እጄን ይይዝና እየጎተተ ወስዶ ጆጉ ላይ ያስቀምጠዋል። ዓይኔን አያየኝም፣ እጄን ብቻ ነው የሚፈልገው። ያኔ ብልህነት መስሎኝ እስቅ ነበር። ልጅ በ1 ዓመቱ አካባቢ ስሙ ሲጠራ እንደሚዞር፣ በእጁ «ቻው» እንደሚል፣ ብዙም ሳይቆይ የሚፈልገውን በጣቱ እያመለከተ እናቱን ዞር ብሎ እንደሚያይ፣ ይህ ሁሉ ከቃል በፊት የሚመጣ ንግግር እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። እኔ የምጠብቀው ቃል ብቻ ነበር። «ማማ» እስኪለኝ።

ሰው ደግሞ ምክር አያጣም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል።» «አባቱም 4 ዓመት እስኪሞላው አልተናገረም።» «ዓይን ነው።» «ምላሱ ታስሯል፣ ክሩን አስቆርጪለት።» አንዷ ጎረቤቴማ እንጥሉን የሚቆርጡ ሴትዮ አውቃለሁ ብላ ልትወስደኝ ተነሥታ ነበር። እንኳን አልሄድኩ። እንጥል ማስቆረጥ ለመናገር ምንም አይፈይድም፣ ደም መፍሰስና መመረዝ ግን ያመጣል። ከምላስ ሥር ያለው ክር ሲያጥርም ሕፃን ጡት ለመጥባት ሊቸገር ይችላል፣ አንዳንድ ድምፆችም ሊያስቸግሩት ይችላሉ። ልጅ ጨርሶ እንዳይናገር ግን አያደርግም። የማይናገርና የማይረዳ፣ ስሙ ሲጠራም የማይዞር ልጅ ችግሩ ምላሱ ላይ አይደለም።

ቁልቢም ተስዬለታለሁ። ሐምሌ 19 ዳገቱን ወጥተን፣ አዝዬው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቆሜ አልቅሻለሁ። አኮ ደግሞ በበኩላቸው ዱዓ አስደረጉለት። ድሬ ነውና በአንድ ቤት ሁለቱም አለ። ስለቴን አልጸጸትበትም፣ ዛሬም እጸልያለሁ። የሚጸጽተኝ ስለቱን ተስዬ ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ ሌላ ብዙ ወር መቀመጤ ነው። መልአኩ ቀጠሮ አታስይዢ አላለኝም።

በመጨረሻ የሄድኩትም ስለ ንግግሩ ብዬ አልነበረም። ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «2 ዓመት ከ4 ወር... ስንት ቃል ይናገራል?» አለችኝ። «ማማ ይላል መሰለኝ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ማሙሽን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዝግታ ነገረችኝ። በ2 ዓመቱ አብዛኛው ልጅ 50 ያህል ቃል ይኖረዋል፣ ሁለት ቃልም መገጣጠም ይጀምራል፣ «ማማ ነይ»፣ «ውኃ ስጪ» እንደሚባለው። ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ግን በዚህ ዕድሜ ምንም ከሌለ አይጠበቅም፣ ይታያል። የነበረውን ቃል የጣለ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቶሎ ይታያል። ሪፈር ጻፈችልኝ። ስሟን አላውቀውም። ባገኛት እግሯን እስማለሁ።

የመጀመሪያው ነገር ጆሮ ነው። «በር ሲንኳኳ ይዞራል እኮ» ብዬ ተከራክሬ ነበር፣ ግን ልጅ የበር ድምፅ እየሰማ የሰው ንግግር በደንብ ላይሰማ ይችላል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም ሁሉ ነገር ውኃ ውስጥ ሆነው እንደሚሰሙት ይታፈናል። ማሙሽም አንዱ ጆሮው ላይ ፈሳሽ ተገኘበት፣ ታከመ፣ ደረቀ። ዋናውን ምርመራ ለማድረግ አዲስ አበባ ድረስ ሄድን። ተኝቶ ሳለ ራሱ ላይ ትንንሽ ሽቦ ተለጥፎ አንጎሉ ድምፁን መቀበሉ የሚታይበት ምርመራ ነው። መስማቱ ደህና ሆነ። የደም ምርመራም ታዘዘለት። የታይሮይድ ሆርሞን ከውልደት ጀምሮ ካነሰ የልጅን አእምሮ ያዘገያል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ በመድኃኒት የሚታከም ነገር ነው፣ ስለዚህ ሳይታይ አይታለፍም። የእሱ ደህና ነበር። የደም ማነስ ግን ነበረበት፣ የአይረን ሽሮፕ ጀመረ።

ስሙንም ነገሩን፣ «አጠቃላይ የዕድገት መዘግየት»። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሁለትና ከዚያ በላይ ነገር፣ ለምሳሌ በእንቅስቃሴም በንግግርም፣ ከዕድሜው በጣም ወደኋላ ሲቀር የሚሰጥ ስም ነው። የመጨረሻ ስም አይደለም። ልጁ ሲያድግ ኦቲዝም ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን እየታየ ይለያል። ምክንያቱንም ጠየቅኩ። ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም ነበር፣ እሱ ይሆን? እርግዝናዬ ላይ ያደረግኩት ነገር ይኖር ይሆን? ምክንያቱ አልተገኘም። ለብዙ ልጆች አይገኝም። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ለስንት ሌሊት ጣሪያ እያየሁ ያንን 9 ወር ቀን በቀን መረመርኩት።

እዚህ ላይ ነው ያ ምክር የመጣው።

የማሙሽን ክትትል ከያዙት አንዱ ባለሙያ ቤት ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ጠየቀኝ። ሦስት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህማ ከሆነ በምን ይለይለታል? አንዱን ምረጡና ሌላውን ተዉት። ትምህርቱም በአማርኛ ስለሚሆን አማርኛ ብቻ» አለ። እንዴት ልክ እንደመሰለኝ! እኔ እንኳን አንድ ነገር በሦስት ስም ሲጠራብኝ ይምታታብኛል፣ ገና አፉን ያልፈታ ልጅማ። ደስም አለኝ። ለዚያ ሁሉ ጭንቀት መጨረሻ ላይ አንድ የማደርገው ነገር ተገኘ።

ቤት መጥቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ለእናቱ ነገራቸው። አኮ ብዙ አልተናገሩም። ማሙሽ ጭናቸው ላይ ነበር። «በማላውቀው አፍ ልጅ እንዴት አባብላለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ አላነሡትም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። አኮ የማያወሩበት ሰዓት አልነበረም። ሽንኩርት እየላጡ ለማሙሽ ስለ ሽንኩርቱ ይነግሩታል። ልብስ እያሰጡ ይሄ የአባትህ ነው፣ ይሄ የእናትህ ነው ይሉታል። ቀፊራ ገበያ ይዘውት ይወጡና ከወተት ሻጮቹ ጋር ሲከራከሩ በመሐል ጎንበስ ብለው ክርክሩን ያስረዱታል፣ ነገሩ የገባው ይመስል። እሱ አይመልስም። እሳቸው ግን መልስ እንደሰጣቸው ሰው «እህ...» ብለው ጠብቀው ይቀጥላሉ። ያኔ ከንቱ ልፋት ይመስለኝ ነበር።

ከምክሩ በኋላ አኮ ዝም አሉ። ጥቂት ቀን በአማርኛ ሞከሩ። «ና። ብላ። ተው።» ሦስት ቃል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ይከፍቱለት ጀመር። ከሥራ ስመለስ ድሮ ከበር ላይ የምሰማው ድምፃቸው የለም፣ የሕፃናት ጣቢያ ዘፈን ብቻ። እሳቸው አንድ ጥግ ተቀምጠው፣ ልጁ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጣብቆ። ለኔ ደግሞ ነገሩ እየተሳካ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ለ1 ሰዓት ያህል ተቀምጬ በአማርኛ አስተምረዋለሁ። «ይሄ ምንድን ነው? ኳስ በል። በል እንጂ! ኳስ።» ፊቱን ያዞርብኛል። ደጋግሜ ስጠይቀው ወለሉ ላይ ጭንቅላቱን ይመታል። እንቅልፉም ተበላሸ። ጭንቅላቱን መምታቱን የጀመረው በእነዚያ ወራት ነው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፣ ግን ጊዜው አንድ ነበር።

4 ወር እንዲህ ሄደ። ለክትትል ስንመለስ ሌላ ሐኪም አገኘን፣ ሴት ናት። ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ጠየቀችኝ። ከዚያ «በቀን ውስጥ ብዙ የሚያወራው ማነው?» አለችኝ።

«አያቱ ነበሩ።»

«ነበሩ? ምነው፣ አርፈው ነው?»

«አይ፣ አሉ» አልኩ። ከዚያ መጨረስ አቃተኝ። ስሰማው ነው የገባኝ። አሉ። እቤት አሉ።

ተረጋግቼ ስነግራት አልተቆጣችኝም። ያንን ምክር የሰሙ ብዙ ቤተሰቦች አጋጥመዋት ያውቃሉ። ብዙ ቋንቋ መስማት ልጅን ለንግግር መዘግየት አይዳርገውም አለችኝ። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚያወጡት በአንድ ቋንቋ እንደሚያድጉት በዚያው ዕድሜ ገደማ ነው። ስንቆጥርም የሁለቱን ቋንቋ ቃላት ደምረን ነው መቁጠር ያለብን። «ወተት»ም «አናን»ም የሚል ልጅ ሁለት ቃል አለው። የዘገየ ልጅ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ እንኳን ሁለት ቋንቋ መያዝ ይችላል፣ ሁለተኛው ቋንቋ የበለጠ ወደኋላ አይጎትተውም። ልጁ የሚያስፈልገው በደንብ የሚችሉትን ቋንቋ ከልባቸው የሚያወሩት ሰዎች ናቸው። ቋንቋውን ስንቀንስ የምታወራው ሰው አብራ ዝም ካለች፣ ጎድቶታል እንጂ አልጠቀመውም።

ያን ቀን ማታ አኮ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በአማርኛ ነው የጠየቅኩት፣ ኦሮምኛዬ ለእንደዚያ ዓይነት ነገር አይበቃም። ባለቤቴ ሊተረጉም ሲነሣ በእጃቸው አስቆሙት። ገብቷቸዋል። ማሙሽን ተቀብለውኝ አቀፉትና «ኢልመ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ስለ ምን እንደነበር አላውቅም። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ እሳቸው አላቋረጡም ነበር።

የሠራነው ነገር አኮን መመለስ ብቻ አልነበረም። ሐኪሟ ከባለሙያ ጋር የምናደርገው ቀጠሮ ትንሽ መሆኑን ነግራኛለች። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። በየሳምንቱ ከድሬ አዲስ አበባ እንዳልመላለስ ባቡሩም አውቶቡሱም ለእኛ ኪስ አይሆንም፣ ለእሱም ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ ስቃይ ነው። ስለዚህ የምንማረው እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደኛ ዓይነት ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የዕድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችን ለሚያሳድጉ። 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት ነው፣ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። እኔ ቡድኑን አላገኘሁም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ታናሽ ወንድሜ እየተረጎመልኝ ነው በስልክ የተማርኩት። የገረመኝ ግን ከተማርኩት ግማሹን አኮ ድሮም ያደርጉት ነበር።

ለምሳሌ ያ «እህ...» ብለው የሚጠብቁት ነገር። ልጅን አናግሮ ዝም ብሎ መጠበቅ ትልቁ ነገር ነው። ሥልጠናው 5 ቁጠሪ ይላል፣ ካስፈለገም 10። ለኛ አጭር የሚመስል ጊዜ ለእሱ የሰማውን ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ አፉን አዘጋጅቶ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። እኔ 5 መቁጠር ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሁለት ላይ ስደርስ እመልስለታለሁ፣ እሰጠዋለሁ፣ ሌላ ጥያቄ እጨምራለሁ። ደግሞ እናት ነኝና ሳይጠይቀኝ ነው የማደርግለት። ውኃ እንደጠማው አውቃለሁ፣ እሰጠዋለሁ። ዳቦው የት እንዳለ ያውቃል፣ ሄዶ ያነሣል። በዚህ ቤት ውስጥ እኔን የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የሚወደውን ነገር ከፍ አድርገን ማስቀመጥ ጀመርን። እያየው፣ ግን እንዳይደርስበት። ክዳኑን ጠበቅ አድርገን እንሰጠዋለን። ጨርሶ እስኪያለቅስ አይደለም፣ ያ ጭካኔ ነው። ቀና ብሎ እስኪያየን፣ እጁን እስኪዘረጋ። ያም ንግግር ነው፣ ወዲያው ይሰጠዋል።

«በል» የሚለውን ቃል ከቤታችን አወጣነው። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እንግዳ ሁሉ ሲመጣ «እስቲ ማማ በል! ስምህ ማነው?» ነው የሚለው። አሁን በትህትና አስቆማለሁ። ጥያቄ ፈተና ነው፣ ልጁ መልሱ ከሌለው በየቀኑ ይወድቃል። በጥያቄ ፈንታ እሱ የሚያየውን እንናገራለን። ባጃጅ ካየ «ባጃጅ»። ካለፈ «ባጃጅ ሄደ»። እሱ ከቻለው አንድ ቃል ብቻ እንጨምራለን እንጂ ንግግር አናደርግም። እና ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ፊት ለፊት፣ በእሱ ቁመት። አባቱ የያዘው ደግሞ ኩኩሉን ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ይደበቃሉ። «ኩኩሉ!» «አልነጋም።» «ኩኩሉ!» «አልነጋም።» በየቀኑ እራት ከበላን በኋላ አንድ ዓይነት፣ ምንም ሳይቀየር። ከሳምንታት በኋላ አባቱ መልሱን ይተውና ይጠብቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ክፍተቱን መሙላት ይፈልጋል። መጀመሪያ የሞላው በመንፈራገጥ ነው፣ ቀጥሎ በጩኸት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ «ጋ!» ብሎ። ነጋ ማለቱ ነው። አሁን ቀድሞን ነው ነጋ የሚለው፣ ከዓይኑ ላይ ብርድ ልብሱን ገና ሳናወርደው።

የመጀመሪያ ቃሉ ግን የአኮ ናት። 3 ዓመት ከ1 ወሩ ነበር። ግንቦት፣ ያ የድሬ ግንቦት፣ ሲሚንቶው እንኳን የሚተነፍስበት። አኮ ጆጉን ይዘዋል፣ ኩባያው በእጁ ነው። «ቢሻን» አሉት፣ ውኃ። ትንሽ ጠብ አደረጉለት። ጠጣ፣ ኩባያውን ዘረጋ። «ቢሻን» ጠብ። እንደገና ዘረጋ። አሁን አኮ ጆጉን ዘንበል አድርገው ዝም አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ከ5 በላይ ቆጠርኩ። «ቢሻ» አለ።

እኔ እልል ልል ነበር። አኮ አላጨበጨቡም፣ አልጮኹም። «ቢሻን» ብለው ኩባያውን ሞሉለት። የጠየቀውን ሰጡት፣ አለቀ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

የመዋዕለ ሕፃናቱን ነገር አሳጥሬ ልለፈው፣ ስጽፈው ያመኛል። ሁለት ቦታ መለሱን። አንዱ ጋ «ሲናገር አምጪው» አሉኝ። እንዲናገር እኮ ነው ልጆች መሐል ላስገባው የፈለግኩት። አሁን የልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ይውላል። መምህርቱ በሥዕል ነው የምትጀምረው። የውኃ፣ የሽንት ቤት፣ የኳስ ሥዕል ግድግዳ ላይ አለ፣ ልጁ ያነሣና ይሰጣታል። በሥዕል ከለመደ መናገር ይተዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተቃራኒው ነው። ሥዕልና ምልክት ንግግርን አይከለክልም፣ መግባባት ምን እንደሆነ ያስተምራል። የሽንት ቤቱ ሥዕል ከ2 ዓመት ልፋት በኋላ ቀን ቀን ከዳይፐር አላቅቆናል።

ስለ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ልጇ ጆጆ ኦቲዝም ነበረበት፣ የሚማርበት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2013 ዓ.ም. አርፋለች። የድሮ ቃለ መጠይቋን ሌሊት ማሙሽ አልተኛ ሲለኝ በስልኬ አይ ነበር። ልጇን ደብቃ አላሳደገችም፣ በቴሌቪዥን ቀርባ ስሙን ጠርታ ስለ እሱ ተናግራለች። ከዚያ በኋላ ነው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሰው በሞላበት ማሙሽን ይዤ መሄድ የጀመርኩት። ሲጮህ ሰው ዞር ይላል። ይዙር። አንዳንዴ አንዷ እናት ቀረብ ትልና ቀስ ብላ «የኔም እንዲህ ነው» ትለኛለች፣ ልጇን እስከዚያ ቀን ከቤት አውጥታው አታውቅም። በዚህች ከተማ ስንት ልጅ በር ተዘግቶበት እንዳለ ሳስበው ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አሁን የት ደረስን? አንድ ደብተር አለኝ፣ በራሱ ፍላጎት ያወጣውን ቃል እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት 61 ነበር። 33ቱ ኦሮምኛ፣ 25ቱ አማርኛ፣ 3ቱ ሶማልኛ፣ ከጎረቤታችን ሱቅ የመጡ ናቸው። ሁለት ቃል መግጠምም ጀምሯል፣ በራሱ መንገድ። «ቢሻን ስጪ» ይላል፣ ግማሹ የአኮ፣ ግማሹ የኔ። ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ ሙሉ ነው፣ ቁጠሪው አለችኝ። አሁንም ብዙ ይቀረናል። ከልጆች ጋር አይጫወትም፣ አጠገባቸው ነው የሚጫወተው። ሌሊት ሌሊት ይነቃል። መንገድ ከቀየርን መሬት ላይ ይተኛል። ከ5 ዓመት በላይ ስለሆነ እንደገና ይመረመራል፣ ኦቲዝም ይሆናል ብለው ያስባሉ። ስሙ ሲመጣ እቀበለዋለሁ፣ ልጁ ያው ማሙሽ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አኮ ለቅሶ ኖሮባቸው ሐረማያ ሄዱ። 3 ቀን ነው የሚቆዩት። በመጀመሪያው ማታ ማሙሽ ፍራሻቸው ላይ ሄዶ ቆመ። ትራሱን አነሣ፣ ከሥሩ አየ። ከዚያ ወደ በሩ አመለከተና «አኮ ሄደ» አለኝ። ከባጃጁ የተማረው «ሄደ» ነው። ሁለተኛው ማታ ደወልንላቸውና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። አኮ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ በጉ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው። ማሙሽ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ያዳምጣል። በመሐል «እህ...» ብለው ዝም አሉ።

ባለቤቴ ሊናገር ሲል እጁን ያዝኩት። ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ማሙሽ ከንፈሩን ስልኩ ላይ ሊያስነካው ምንም አልቀረውም።

«አኮ ነይ።»

ከወዲያ ምንም ድምፅ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በአማርኛ፣ «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉት።